ያው ቀፎ፣ ሌላ ጀልባ፦ ካያክን ወደ ባለክዳን ካኑ ስለ መቀየር

አንድ ጀልባ ርዝመቱ ሳይጨመር፣ ወርዱ ሳይቀነስ፣ ቀፎው ሳይቀደድ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት ሊሻገር ይችላል። በፈጣን ወንዝ ላይ የሚነዳ ካያክ መቀመጫው ተፈትቶ ከፍ ያለ ኮርቻ መሰል መቀመጫ ይገባለታል፤ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ የነበረው ቀዛፊ ይንበረከካል፤ ግራና ቀኝ የሚመታው ባለሁለት ጫፍ መቅዘፊያም በባለአንድ ጫፍ ይተካል። በዚህን ጊዜ ጀልባው ባለክዳን ካኑ ሆነ ማለት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የወንዝ ቀዛፊዎች ይህን ለውጥ በየጓሯቸውና በየጋራዣቸው ሲሠሩት ኖረዋል። ለእኛ አገር አንባቢ ነገሩ ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ ይልቁንም ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ተቀምጣ ትልቅ ወንዝ ለማያልፍባት ለሐረር። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ሌላ ነው። ሥራው ጀልባ መገንባት ሳይሆን ዕቃን ከሰው ገላ ጋር ማስማማት ነው፤ ይህ ሙያ ደግሞ በሐረር ሞልቷል። ጀልባ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በሚገባበት አገር አንዱን ቀፎ ለሁለት አገልግሎት ማብቃት የሚያዋጣ ሥራ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ ጀልባው ሲገለበጥ ቀዛፊው ያለ እንቅፋት መውጣት መቻል አለበት።

ልዩነቱን ከሥሩ እንመልከት። ካያክ የአርክቲክ ሕዝቦች ዕቃ ነው። ኢኑይቶች ከእንጨትና ከአጥንት ባበጁት አፅም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው፣ አዳኙ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥበት፣ ከላይ የተከደነ ጠባብ ጀልባ ሠሩ። ካኑ ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከበርች ዛፍ ቅርፊት ያበጁት፣ ከላይ ክፍት የሆነ፣ ተንበርክከው በባለአንድ ጫፍ መቅዘፊያ የሚነዱት ጀልባ ነው። ውሃው ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ አረፋ በሚደፍቅበት ወንዝ፣ ቀዛፊዎች ነጭ ውሃ በሚሉት፣ ክፍቱ ካኑ ቶሎ ቶሎ እየሞላ አስቸገረ። ስለዚህ ከላይ ከደኑት፤ ለቀዛፊው ወገብ የሚበቃ ቀዳዳ ብቻ ተዉለት፤ ቀዳዳውንም ወገብ ላይ በሚታሰር የውሃ መከላከያ ሽርጥ ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ባለክዳኑ ካኑና ካያኩ ከሩቅ ሲታዩ የማይለዩ መንትዮች ሆኑ። የሚለያቸው ክዳኑ ሥር ያለው የእግር አጣጣፍና እጅ ላይ ያለው መቅዘፊያ ነው።

ለዚህ መንትያነት ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የውድድር ደንቡ ነው። በነጭ ውሃ ላይ በተሰቀሉ በሮች መካከል ለሚካሄደው የስላሎም ውድድር ዓለም አቀፉ የካኑ ፌዴሬሽን ባወጣው ደንብ፣ ለአንድ ሰው ካያክም ሆነ ለአንድ ሰው ካኑ የተቀመጠው ዝቅተኛ ርዝመት 3.50 ሜትር፣ ዝቅተኛ ወርድ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ደንቡ ሁለቱን የሚለየው ቀዛፊው ተቀምጦ ባለሁለት ጫፍ ወይም ተንበርክኮ ባለአንድ ጫፍ መቅዘፊያ በመያዙ ነው። ሰውም ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር እንደሚችል በአደባባይ ታይቷል። ስላሎም በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባበት እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የሙኒክ ውድድር ወንዶች በሁለቱም ዓይነት ሲወዳደሩ ሴቶች የተፈቀደላቸው ካያክ ብቻ ነበር። የሴቶች የካኑ ስላሎም የገባው በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ነው፤ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘችውም አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ፎክስ ናት። ይህችው ሴት በፓሪስ 2024 በካያክም በካኑም ወርቅ ወሰደች። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቀምጦም ተንበርክኮም ከዓለም አንደኛ መሆን ከቻለ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ግንብ እንደሚታሰበው ረጅም አይደለም።

የአገራችን ወንዞች ታሪክም የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ጀልባን ለውሃውና ለሰውየው ማስማማት የግድ ነበር። ዓባይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,788 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከጣና ሐይቅ ተነሥቶ ሱዳን ድንበር እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1968 በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ የተካሄደውና በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ጉዞ ለሸለቆው ዝግተኛ ክፍል የጦር ሠራዊት ጀልባ፣ ለነጭ ውሃው ደግሞ በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ይዞ ነበር። ከጉዞው አባላት አንዱ የነበረው ኢያን ማክላውድ ከገባር ወንዞች በአንዱ ሰጥሞ ሞቷል። በ1972 ወጣቱ እንግሊዛዊ ማይክ ጆንስ ከጓደኞቹ ጋር በካያክ መጣ። በታኅሣሥ 2003 ከግሽ ዓባይ የተነሡት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን፣ አንዱ በጎማ ጀልባ ሌላው በካያክ፣ በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ። በእነዚህ ጉዞዎች ሁሉ የጀልባው ዓይነት የተመረጠው በልማድ ሳይሆን ውሃው በጠየቀው ልክ ነው።

ከእነርሱ አስቀድሞም የጣና ታንኳ ነበረ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል እያሰረ የሚሠራው ይህ ጀልባ፣ ቀዛፊው ከላዩ ተቀምጦ ረጅም በትር ግራና ቀኝ እያፈራረቀ የሚነዳው ነው። አቀማመጡና አቀዛዘፉ ወደ ካያክ ያደላል። ክዳን የለውም፤ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ እየወጣ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ለጸጥተኛ ሐይቅ ግን የተስማማ ነው። ታንኳው የሚያስተምረን ቀዛፊ የት እንደሚቀመጥና መቅዘፊያውን እንዴት እንደሚይዝ የሚወስነው ሥራው መሆኑን ነው። ዓሣ የሚያጠምድ፣ እንጨት የሚያሻግር፣ ነጭ ውሃ ውስጥ በድንጋይ መካከል የሚሾልክ ሰው አቀማመጣቸው አንድ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ለውጡ ፍሬ ነገር እንግባ። የካያክ መቀመጫ ከቀፎው ወለል ከፍ የሚለው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለሚንበረከክ ሰው ግን እግሩ ከበታቹ የሚታጠፍበት ቦታ ያስፈልጋልና ኮርቻው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከዚህ ሁለት ውጤት ይመጣል። አንደኛው፣ የሰውየው የክብደት ማዕከል ከፍ ስለሚል ጀልባው ለመገልበጥ ይቀርባል። ኮርቻው ዝቅ ሲል ጀልባው ይረጋጋል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ግን በጣም ይታጠፋሉ። ከፍ ሲል እግር ያርፋል፣ ክንድም ውሃውን ከላይ በኃይል ይስባል፤ ጀልባው ግን ይወላውላል። ትክክለኛው ከፍታ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ለእያንዳንዱ ሰው የሚገኝ ነው። ሁለተኛው ውጤት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ተቀምጦ የሚቀዝፍ ሰው የእግሩ ክብደት ወደ ጀልባው አፍንጫ ነው፤ ሲንበረከክ ግን ቅልጥሙና እግሩ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ስለዚህ ኮርቻው ልክ በአሮጌው መቀመጫ ቦታ ቢተከል የጀልባው ጅራት ሊሰምጥ፣ አፍንጫው ሊነሣ ይችላል። ጅራቱ የሰመጠ ጀልባ ደግሞ ማዕበል ሲይዘው ወደ ኋላ ይገለበጣል።

ከዚህ የተነሣ ለለውጡ የሚመረጠው የተገኘው ካያክ ሁሉ አይደለም። ለውሃ ላይ ጨዋታ የሚሠሩት ካያኮች ርዝመታቸው ከ2 ሜትር ያንሳል፣ ጅራታቸውም ቀጭን ነው፤ የተንበረከከ ሰው ተረከዝ ከክዳኑ ጋር ይጋጭባቸዋል። ለቁልቁል ወንዞች የሚሠሩት ካያኮች ግን ርዝመታቸው ከ2.4 እስከ 2.7 ሜትር የሚደርስ፣ ሆዳቸው የሰፋ፣ የኋላ ክዳናቸው ከፍ ያለ ነው፤ ባዶውን 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ለተንበርካኪ የሚመቹት እነዚህ ናቸው። የመግቢያው ቀዳዳ ረጅም መሆን አለበት፤ ሁለት ጉልበት አንድ ላይ የማያስገባ ቀዳዳ ሁለት ጉልበት አንድ ላይ አያስወጣም። ሌላም መመዘኛ አለ። በአንድ ጎን ብቻ የሚቀዘፍ ጀልባ በእያንዳንዱ ምት ወደ ተቃራኒው ጎን ይዞራል፤ ካኑ ቀዛፊ ይህን የሚያርመው በምቱ መጨረሻ መቅዘፊያውን ጠምዞ ወደ ውጭ በመግፋት ነው። በጣም አጭርና ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ካያክ በቀላሉ ስለሚሽከረከር ይህን እርማት ድካም ያደርገዋል። ትንሽ ረዘም ያለና ታቹ ክብ የሆነ ቀፎ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይረዳል።

የመጀመሪያው ሥራ መፍታት ነው። መቀመጫው፣ የጀርባ መደገፊያው፣ የጭን መያዣውና የእግር መርገጫው ይወጣሉ። ከፊትና ከኋላ ክዳኑን ከወለሉ ጋር የሚደግፈው የመሐል ግድግዳ ግን አይነካም፤ ጀልባው ድንጋይ ላይ ሲጫን ቀፎው ተጣጥፎ እግርን እንዳይቀረጥፍ የሚከላከለው እርሱ ነው። ክፍት የቀሩ የቡሎን ቀዳዳዎች በቡሎን፣ በጎማ ሮንዴላና በዳዶ ይዘጋሉ። ከዚያ ኮርቻው ይቀረጻል። ቀዛፊው እንደ ፈረሰኛ በሁለት እግሩ መካከል የሚይዘው ጠባብ ጉብታ ነው፤ ሁለቱ ጉልበቶች ወደ ግራና ቀኝ ተከፍተው የጀልባውን ጎን ይነካሉ። ኮርቻውና ሁለቱ ጉልበቶች ሦስት ጉልቻ ሆነው ቀዛፊውን ከጀልባው ጋር ያያይዙታል። ቁሱ ውሃ የማይጠጣ ጠንካራ ፎም መሆን አለበት። ለሶፋና ለፍራሽ የሚሆነው ስፖንጅ ውሃ ስለሚመጥ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ቅርጹንም አይጠብቅም። የነጠላ ጫማ ሶል የሚሠራበት ዓይነት ድፍን ፎም ግን ውሃ አያስገባም፤ በርከት አድርጎ በማስቲሽ እያነባበሩ በቢላዋና በብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ ማስያዝ ይቻላል።

የሐረር እጅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው፣ ስሙን ከስፌት መኪኖች ድምፅ ባገኘው በመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ደንበኛቸውን ለክተው እዚያው ይሰፋሉ። የጀልባ ለውጥም በመጀመሪያ ደረጃ ልክ መውሰድ ነው፤ የጭን ርዝመት፣ የዳሌ ወርድ፣ ተረከዝ ከመሬት የሚርቀው ከፍታ። የወገብ ሽርጥ መስፋት፣ የጭን ጠፍር ማያያዝ የስፌት ሥራ ነው። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ቀብቶ፣ እስኪደርቅ ታግሦ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ መጫንን ከጫማ ሠሪ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሐረር በፔዦ 404 ታክሲዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ፈረንሳይ ውስጥ በ1975 መመረት ያቆመ መኪና በጠባብ ዳገትና ቁልቁለት መንገድ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራ የኖረው፣ የጠፋውን ዕቃ በሌላ እየተካ የሚያስማማ መካኒክ ስላለ ነው። ይህን ልማድ ለያዘ ከተማ ኮርቻ ቀርጾ ቀፎ ውስጥ መትከል እንግዳ ሙያ አይሆንም።

ይሁን እንጂ የእጅ ብልሃት የቁሱን ጠባይ ማወቅን አይተካም። አብዛኛው የዛሬ ካያክ የተሠራበት ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ ማጣበቂያን አጥብቆ አይቀበልም፤ በጫማ ላይ ዓመት የሚቆይ ማስቲሽ ከእርሱ ላይ በአንድ ቀን ሊላቀቅ ይችላል። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት መሻከር፣ በአልኮል ማጽዳት፣ በመጠኑ ማሞቅ ይረዳል፤ ያም ሆኖ ኮርቻውን በማስቲሽ ብቻ ማመን አይገባም። የቀድሞው መቀመጫ ታስሮባቸው የነበሩት ቡሎኖች ጠንካራ መያዣዎች ስለሆኑ ኮርቻው ከእነርሱ ጋር መታሰር፣ ከፊትና ከኋላም በመሐል ግድግዳው መካከል ተጨንቆ መቀመጥ አለበት። ወንዝ መሐል የተነቀለ ኮርቻ ቀዛፊውን ከነጀልባው ይገለብጠዋል፤ መውጫውንም ሊዘጋበት ይችላል። በጅራትና በአፍንጫ የሚቀረው ባዶ ቦታ በአየር ከረጢት ይሞላል፤ ጀልባው ውሃ ቢገባበት እንኳ እንዲንሳፈፍ ነው። ለዚህ የተሠራ ከረጢት ካልተገኘ ከጎሚስታ የሚገኝ ደኅና ካላማዳሪያ ሊያገለግል ይችላል፤ በደንብ ታስሮ፣ ወደ እግር በኩል እንዳይንሸራተት ተደርጎ። የማስቲሽ ሽታ ራስን ስለሚያዞርና ጤናን ስለሚጎዳ ሥራው ቤት ውስጥ ሳይሆን ነፋስ በሚያገኘው ግቢ ይሠራ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን የጭን ጠፍሩ ነው። የተንበረከከ ሰው ጀልባውን በጭኑ ማዘንበል እንዲችል፣ ከተገለበጠም ሳይወጣ ራሱን እንዲያቃና፣ ከወለሉ ተነሥቶ በጭኑ ላይ የሚያልፍ ጠፍር ይታሰርለታል። ይኸው ጠፍር የጀልባውና የሰውየው አንድነት ምንጭ ነው፤ ሳይፈታ ከቀረ ግን የሞት ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ መሆን አለበት፦ ጠፍሩ በአንድ እጅ፣ በአንድ ስበት፣ በጨለማም ቢሆን የሚፈታ ይሁን። በቋጠሮ የሚታሰር ጠፍር ፈጽሞ አይፈቀድ። ለጀማሪ ያለ ጠፍር፣ ዳሌንና ጉልበትን በፎም ብቻ ማቀፍ ይበቃዋል። የጫማውም ነገር አይናቅ፤ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ የታጠፈ እግርን ከክዳኑ ሥር ይሰነቅራል፤ ቀጭንና እግር ላይ የሚጣበቅ ጫማ ይሻላል። ማንኛውም የተለወጠ ጀልባ ወንዝ ከማየቱ በፊት በጸጥተኛ ውሃ፣ የሚዋኙ ሰዎች አጠገቡ ቆመው፣ ሆን ተብሎ ደጋግሞ ይገልበጥ። ቀዛፊው ሽርጡን ስቦ፣ ጠፍሩን ፈትቶ በእርጋታ ካልወጣ ጀልባው አልተጠናቀቀም፤ ኮርቻው ይቀረጽ ወይም ቀፎው ይቀየር።

ለዚህ ፈተናና ለሚዛኑ ማስተካከያ የሚያስፈልገው ውሃ ጸጥተኛ ብቻ ነው። ቀዛፊው ኮርቻውን ሳያጣብቅ ተንበርክኮ ይንሳፈፍ፤ ጓደኛው ከጎን ሆኖ አፍንጫውና ጅራቱ ከውሃው እኩል መነሣታቸውን ይይ፤ ኮርቻው ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እየተገፋ ልኩ ከተገኘ በኋላ ብቻ ይታሰር። ከሐረር ብዙ የማይርቀው የሐሮማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ፣ ውሃ ይጠጡበት የነበሩትን ከተሞች ጭምር ለችግር ዳርጎ፣ በቅርብ ዓመታት እንደገና ውሃ ይዟል። እንዲህ ያለ ሐይቅ ለሙከራ ይበቃል። የዋና ገንዳም ይበቃል። ወንዙ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንመዝን። የመጀመሪያው፣ በደንብ የሚሠራ ካያክ እያለ መቀየር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚል ነው። ባለአንድ ጫፉ መቅዘፊያ ከባለሁለት ጫፉ ይዘገያልም ይባላል። መዘግየቱ እውነት ነው፤ በኦሎምፒክ ስላሎም ካያኮች ከካኑዎች ይቀድማሉ። ነገር ግን አንድ መቶ ሰከንድ ገደማ በሚፈጅ ውድድር ልዩነቱ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ለውድድር ሳይሆን ወንዝ ለመውረድ ለወጣ ሰው ምንም አይደለም። በምትኩ የሚገኘው ብዙ ነው። የተንበረከከ ሰው ዓይኑ ከፍ ስለሚል ከፊቱ ያለውን ድንጋይና አዙሪት ቀድሞ ያያል። የወገቡና የትከሻው ኃይል በአንድ ምት ላይ ይጠራቀማል። እግር ዘርግቶ መቀመጥ ወገቡንና የጭኑን ጅማት የሚያመው ሰው ከስፖርቱ አይወጣም። ጥቂት ቀፎ ብቻ ያለው ክለብ ደግሞ በሁለት የውድድር ዓይነት ወጣቶችን ያሠለጥናል። ችግሩ የጀልባ እጥረት በሆነበት አገር ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብቻውን ክርክሩን ያሸንፋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጉልበት ሕመም ነው፤ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለረጅም ጊዜ መንበርከክ ቁርጭምጭሚትን ያደነዝዛል፤ የጉልበት ጉዳት ያለበት ሰው ጨርሶ ሊሞክረው አይገባም። ሆኖም በእኛ ዘንድ ተረከዝ ላይ መቀመጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በሐረር መስጊዶች ሰጋጁ በየቀኑ ደጋግሞ እንዲያ ይቀመጣል፤ በአብያተ ክርስቲያናትም ሰጊድና መንበርከክ የቆየ ሥርዓት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ መገጣጠሚያዎቹን እንዲህ ያለማመደ ሰው፣ ዕድሜውን ወንበር ላይ ካሳለፈው ይልቅ ለኮርቻው ቅርብ ነው። ጥቂት ደቂቃ ከሚፈጅ ስግደት እስከ ሰዓታት ቅዘፋ ግን ርቀት አለ፤ ስለዚህ ኮርቻው ከፍ፣ የጉልበቱ ማረፊያ ወፈር ይበል፣ ቀዛፊውም ደጋግሞ ዳር እየወጣ እግሩን ያፍታታ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ለመንበርከክ ታስቦ የተሠራ ካኑ ከተለወጠ ካያክ ይበልጣል የሚል ነው። ትክክል ነው። ወርዱ፣ የክዳኑ ከፍታ፣ የመቀመጫው ቦታ ለተንበርካኪ የተሰላ ጀልባ ሁልጊዜ ይሻላል። ነገር ግን የባለክዳን ካኑ ገበያ በዓለምም ጠባብ ነው፤ ፋብሪካዎች ጥቂት ነው የሚያመርቱት፤ ቀዛፊዎች ካያክን ወደ መቀየር የዞሩትም ስለዚህ ነው። ለእኛ ያለው ምርጫ በተለወጠ ካያክና በምርጥ ካኑ መካከል ሳይሆን በተለወጠ ካያክና በባዶ እጅ መካከል ነው። ከዚህም ሌላ ለውጡ የሚመለስ ነው። የተፈታው መቀመጫና ቡሎን በጥንቃቄ ከተቀመጠ፣ ቀዳዳው ካልሰፋና ግድግዳው ካልተቆረጠ፣ ቀፎው በሌላ ቀን ካያክ ይሆናል። ስለዚህ መጋዝ የሚያነሣ ለውጥ ከዚህ ጽሑፍ ድጋፍ አያገኝም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ስፖርቱ የኛ አይደለም፣ ሐረርም ወንዝ የላትም የሚል ነው። ስፖርቱ ለአፍሪካ ባዕድ እንዳልሆነ ቤንጃሚን ቡክፔቲ በ2008 ቤጂንግ ላይ አሳይቷል፤ በካያክ ስላሎም ያገኘው ነሐስ ለቶጎ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው። ሴኔጋላዊው ዣን ፒዬር ቡርሂስም በሪዮና በቶኪዮ ተንበርክኮ በካኑ ተወዳድሯል። ወንዙን በተመለከተ፣ የሐረር አካባቢ ውሃ በኤረር በኩል ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል፤ አዋሽም በሸለቆውና በፏፏቴው በኩል በመኪና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዞቹ አዞና ጉማሬ አላቸው፣ በክረምት ይሞላሉ፣ ዝግ ባሉ ውሃዎች ቢልሃርዚያ ይኖራል። እነዚህ ሁሉ የሚያስገድዱት ጥንቃቄን ነው፦ ወቅቱን መምረጥ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ማማከር፣ የሕይወት አድን ጃኬትና የራስ ቁር ማድረግ፣ ብቻን አለመውጣት። ሙያው ግን ከወንዙ ዳር መወለድ የለበትም። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪውና ጎሚስታው ባሉበት ሊወለድ፣ የተጠናቀቀውም ጀልባ ወደ ወንዙ ሊጫን ይችላል።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። ሰፊ ሆድና ረጅም መግቢያ ያለውን ካያክ ወደ ባለክዳን ካኑ መቀየር ተገቢና በእጃችን ባለ ሙያ የሚሠራ ነው፤ ጠባቡንና አጭሩን መቀየር ግን አደጋን መጥራት ነው። በአዋሽ፣ በኦሞና በዓባይ ላይ እንግዶችን ይዘው የሚወርዱ ድርጅቶች፣ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች፣ የስፖርት ክለቦች አንድ ያረጀ ካያክ ይዘው ወደ ሰፊና ወደ ጫማ ሠሪ ይሂዱ፤ ልካቸውን ያስወስዱ፣ ኮርቻውን ያስቀርጹ። ከዚያም ወንዝ ከመውረዳቸው በፊት በሐይቅ ወይም በገንዳ ይገልብጡት። በእርጋታ የሚወጡበት ከሆነ ጀልባ አላቸው፤ ካልሆነ ገና ሥራ ይቀራቸዋልና አይቸኩሉ።